ለጥምቀት ጎንደር ስትሄዱ አልጋ በቀጥታ ከሆቴሉ በኦንላይን እንዴት ትይዛላችሁ? ዝርዝር መመሪያ

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ሪሴፕሽን ላይ ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ስልካቸው ላይ «አልጋ ይዘንላችኋል» የሚል መልእክት አለ። ሆቴሉ መዝገብ ላይ ግን ስማቸው የለም። አንዱ ቀኑን ተሳስቷል። ሌላው የተመዘገበው በአባቱ ስም ሆኖ ሠራተኛዋ ልታገኘው አልቻለችም። ሌላው ቀብዱን የላከው ለሆቴሉ ሳይሆን ለማያውቀው ሰው ነው። የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ በከተማው ሌላ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው።

ይህ መመሪያ እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ ለመዝጋት የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ ጎንደርና ጥምቀት ናቸው። ለገና ላሊበላ የምትሄዱም ሆነ ለዕረፍት ሐዋሳ የምትወርዱ በዚሁ ቅደም ተከተል ልትሠሩ ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አልጋ ተያዘ የሚባለው ገንዘብ ስትልኩ አይደለም፤ ስልክ ላይ «እሺ» ስትባሉም አይደለም። ቁጥሩን በራሳችሁ መንገድ ያጣራችሁት ሆቴል ቀኑን፣ ስሙን፣ ዋጋውንና የስረዛውን ደንብ በጽሑፍ ሲያረጋግጥላችሁ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

መቼ ትጀምሩ? በጥቅምት፣ ቢዘገይ በኅዳር። ታኅሣሥ ሲጋመስ የተረፈው ወይ ውድ ነው፣ ወይ ከከተማው ራቅ ያለ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና አትሩጡ።

የሆቴሎች ዌብሳይት የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ ግን በእኛው አቆጣጠር ልታስብ ትችላለች። «በ10 እንገባለን» ካላችሁ ጥር 10 ይሁን ጃንዋሪ 10 አይታወቅም። በሁለቱ መካከል 8 ቀን አለ። ከውጭ የመጣ አንድ ዘመዴ በዚሁ ምክንያት ከተራ ዕለት ጎንደር ሲደርስ አልጋው ከሳምንት በፊት ተይዞለት፣ አልመጣም ተብሎ ቀብዱም ቀርቷል።

በአብዛኛው ዓመት ከተራ፣ ጥር 10፣ ጃንዋሪ 18 ላይ ይውላል። ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ ቃና ዘገሊላ ጃንዋሪ 20 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ሁሉም አንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። በ2019 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ቀን 2027 ይውላል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሠራላችሁን ቀን ዝም ብላችሁ አትገልብጡ።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ።
2. ከጎኑ የፈረንጁን ጻፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት። 01/10 ለአሜሪካ ሰው ጃንዋሪ 10 ነው፤ ለሌላው ኦክቶበር 1።
3. ዕለቱን ጨምሩበት። እሁድ በሁለቱም አቆጣጠር እሁድ ነው። ስለዚህ ቀኑን የምታጣሩበት ቀላሉ ማስረጃ ዕለቱ ነው። «እሁድ ጥር 9» ብላችሁ ሠራተኛዋ «ጥር 9 እሁድ አይደለም» ካለቻችሁ ስህተቱ ያኔውኑ ይያዛል።

ቀን ሳይሆን ሌሊት ቁጠሩ

ሆቴል የሚያስከፍለው በሌሊት ነው። ጥር 9 ገብታችሁ ጥር 13 ከወጣችሁ 4 ሌሊት ነው፣ 5 ቀን አይደለም። እኔ የምመክረው ጥር 9 እንድትገቡ ነው። ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስለሚወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ በዚያ ሰዓት ሻንጣ ይዞ ሆቴል መፈለግ ከባድ ነው። ጥር 12 ደግሞ የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ቀን ስለሆነ ቸኩላችሁ አትውጡ።

ከውጭ የምትመጡና አንድ ሌሊት አዲስ አበባ የምታድሩ ልብ በሉ። አውሮፕላናችሁ ቦሌ የሚያርፈው ጃንዋሪ 17 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሆነ፣ ለሆቴሉ ያ ሌሊት የጃንዋሪ 16 ነው። ከ17 ጀምሮ ከያዛችሁ ክፍሉን የምታገኙት ነግቶ፣ በዚያው በ17 ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሎቢ ላይ ልጆች አቅፎ መጠበቅ ይመጣል። ስለዚህ ከ16 ጀምራችሁ ያዙ፤ «ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እንደርሳለን» ብላችሁም አሳውቁ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቼክ ኢን 14፡00 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ቼክ አውት 12፡00 ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሠራተኛው «እስከ 12 ሰዓት» ካላችሁ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ፣ በየቀኑ የሚጠየቁት ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ስማችሁንና የምትፈልጉትን አዘጋጁ

የኦንላይን ቅጾች «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላሉ። በመጀመሪያው የራሳችሁን፣ በሁለተኛው የአባታችሁን ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ በዚያ ቦታ ያለውን ስም አስገቡ። ብዙ የሆቴል ሲስተም እንግዳን የሚፈልገው በሁለተኛው ስም ነው። እናንተ ሪሴፕሽን ላይ በራሳችሁ ስም ብቻ ከጠየቃችሁ «የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። እንዲህ ሲሏችሁ ሁለቱንም ስም ንገሯቸው፣ በሁለቱም ይፈልጉ።

የስሙን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ወይም ከፋይዳ መታወቂያው ላይ እንዳለ ቅዱ። ጸጋዬን በሦስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ሲስተሙ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ የሚያስፈልጋችሁን ጻፉ። ስንት ሰው ናችሁ? ልጆች አሉ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? «ደብል» ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ሰፊ አልጋ ነው፣ «ትዊን» ሁለት የተለያዩ አልጋዎች። እናትና ወንድም አብረው ከመጡ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አረጋውያን ካሉ ሊፍት መኖሩን ወይም ምድር ቤት ክፍል መኖሩን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል? ሙቅ ውኃ ሁልጊዜ አለ ወይስ በሰዓት ነው? ጥር ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ይህን ጥያቄ አትተዉት።

ደረጃ 3፦ እጩ ሆቴሎችን ለዩ

ጉግል ማፕ ላይ «ጎንደር ሆቴል» ብላችሁ ፈልጉ። እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉትንም ክፈቱ፤ ለመግዛት ሳይሆን ስምና ዋጋ ለማየት። አራት ወይም አምስት ሆቴል ይበቃል።

አስተያየቶችን ስታነቡ «አዳዲሶቹ በቅድሚያ» የሚለውን ምረጡ። ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ አስተያየት ስለዛሬው ሆቴል ምንም አይነግራችሁም። ሆቴሉ የለጠፈውን ፎቶ ሳይሆን እንግዶች ያነሱትን እዩ፤ መታጠቢያ ቤቱ እውነተኛ መልኩ የሚታየው እዚያ ነው።

ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ። ሆቴሉ «ለፋሲለደስ ቅርብ» ቢል ቤተ መንግሥቱ ይሁን ጥምቀተ ባሕሩ አታውቁም። ሁለቱ በእግር የሚያስኬድ ርቀት አላቸው። ለጥምቀት ቁም ነገሩ ጥምቀተ ባሕሩ ነው፤ ንጋት ላይ የምትሄዱት እዚያ ስለሆነና በዚያ ሰዓት ታክሲ ላይገኝ ስለሚችል። አዘዞ አካባቢ ያለ ሆቴል ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርባል፣ ከበዓሉ ግን ይርቃል።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን ስልክ አግኙ

ገንዘብ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ነው።

የሆቴሉን ስም ፈልጋችሁ ከላይ የሚመጣው ውጤት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ገጹ የሆቴሉን ስምና ፎቶ ይዞ የሆቴሉ ሊመስል ይችላል፤ ግን በእናንተና በሆቴሉ መካከል የሚገባ የአገናኝ ድርጅት ነው። አድራሻውን በደንብ አንብቡ። ከሆቴሉ ስም ጋር ሌላ ቃል፣ ቁጥር ወይም የማታውቁት ስም ከተለጠፈበት ውጡ። ጉግል ማፕ ላይ ያለውን ስልክም እንዲሁ አትመኑ። ማንም ሰው ለውጥ ሊጠቁምበት የሚችል ገጽ ነው።

እንዲህ አጣሩ፦

1. ስልኩን ከሦስት ቦታ ውሰዱ፦ ከሆቴሉ ዌብሳይት፣ ከካርታው፣ ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም ገጹ።
2. ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዛቸውን አረጋግጡ።
3. የመደበኛ ስልክ ቁጥር ፈልጉ። የጎንደር መደበኛ ስልክ በ058 ይጀምራል። ከውጭ ስትደውሉ 0 ይወጣና +251 58 ይሆናል። መጀመሪያ የምትደውሉት ወደዚህ ነው።
4. በመደበኛው ስልክ ካነሱ «የሪዘርቬሽን ሞባይላችሁ ወይም ዋትስአፓችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ ከእነሱ አፍ ተቀበሉ።

ፌስቡክ ላይ ኮሜንት ጽፋችሁ በኢንቦክስ «እኔ የሆቴሉ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ የመጣን ሰው አትመኑ። ሰውየው እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ወደ ሆቴሉ ስልክ ስትደውሉ የምታጡት ነገር የለም።

*መደበኛው ስልክ ካልሠራስ?* የመስመር ችግር ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን ሞክሩ። ጎንደር የሚኖር የምታውቁት ሰው ካለ በአካል ሄዶ የሪዘርቬሽኑን ቁጥር እንዲቀበልላችሁ ለምኑ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ያን ሆቴል ተዉት።

ደረጃ 5፦ ዋጋውን በአንድ ሚዛን አወዳድሩ

ሁለት ዋጋ ስታወዳድሩ አራቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፦ ቀኑ፣ የክፍሉ ዓይነት፣ ቁርሱና የስረዛው ደንብ። ያለዚያ ርካሹ ርካሽ አይደለም።

ቀጥሎ ታክሱ። ብዙ ሆቴሎች የሚነግሯችሁ ዋጋ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ያልተጨመረበት ነው። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ ይህንኑ ማለት ነው። ስሌቱን እንሥራው። አንድ ሌሊት 4,000 ብር ተባላችሁ እንበል። ሰርቪሱ 400 ብር ነው፣ 4,400 ይሆናል። ቫቱ በ4,400 ላይ ሲሰላ 660 ብር ነው። የምትከፍሉት 5,060 ብር ነው። ለ4 ሌሊት 16,000 ሳይሆን 20,240 ብር። ልዩነቱ የደርሶ መልስ ባጃጅና የምግብ ወጪ ይሸፍናል፤ ስለዚህ «የመጨረሻው፣ ሁሉም የተጨመረበት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከውጭ ለምትመጡ ሌላ ጥያቄ አለ። አንዳንድ ሆቴሎች በውጭ ፓስፖርት ለሚመጣ እንግዳ በዶላር የተለየ ዋጋ አላቸው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ካላችሁ የትኛው ዋጋ እንደሚመለከታችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። በዶላር ከተነገራችሁ በብር ስትከፍሉ ምንዛሪው የትኛው ቀን እንደሆነ አስጽፉ፦ የያዛችሁበት ቀን ወይስ የምትከፍሉበት።

አገናኝ ድርጅቶች ከሆቴሉ ኮሚሽን ይወስዳሉ። በቀጥታ ስትደውሉ ለመደራደር የሚያስችላችሁም ይኸው ነው። «ኦንላይን ይህን ያህል አይቼዋለሁ፣ ከእናንተ በቀጥታ ብይዝ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ለጥምቀት ሰሞን ዋጋ መቀነስ ይከብዳቸዋል። ይልቅ ቁርስ እንዲጨምሩ ወይም ከአዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መኪና ልከው እንዲቀበሏችሁ ጠይቁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይሳካል።

ደረጃ 6፦ ደውሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ ጠይቁ

ጠዋት እንግዳ በሚወጣበት ሰዓት አትደውሉ፤ ሪሴፕሽኑ ይጨናነቃል። ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። በክረምታቸው ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ሊነጋጋ ነው፣ በፈረንጅ 7 ሰዓት። እስራኤል 1 ሰዓት ወደኋላ፣ ዱባይ 1 ሰዓት ወደፊት ናቸው።

ስልኩ ክፍል መኖሩን ለማወቅ ነው። ያነጋገራችሁን ሰው ስም ያዙ። ስልኩን ስትዘጉ ወዲያው በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይህን ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አሁን በስልክ ተነጋግረናል። ለጥምቀት ጎንደር እንመጣለን። አንድ ደብልና አንድ ትዊን ክፍል እንፈልጋለን። የምንገባው እሁድ ጥር 9 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 17 ቀን 2027 ነው። የምንወጣው ሐሙስ ጥር 13፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ነው። 4 ሌሊት፣ 4 አዋቂ። እባካችሁ እነዚህን መልሱልን፦ ሁሉም ተጨምሮ የአንድ ሌሊት ዋጋ ስንት ነው? ቁርስ አለው? ቀብዱ ስንት ነው፣ በየትኛው ሂሳብ? ብንሰርዝ ወይም በረራ ቢሰረዝ ምን ያህሉ ይመለሳል? እናመሰግናለን።»

የስረዛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበትና ጉዞ የሚሰረዝበት ጊዜ አለ። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ከሚኖር ሰው የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቁ። በመኪና ልትሄዱ ካሰባችሁ በተለይ። ለጎንደር እኔ በአውሮፕላን መሄድን ነው የምመርጠው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ሆቴሉ የራሱ የኦንላይን መያዣ ካለው

ቀኑን ምረጡ፣ የሌሊቱን ቁጥር ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ፣ ክፍሉን ምረጡ፣ ስሙን ሙሉ። ስልክ ቁጥር ላይ +251 ካስገባችሁ በኋላ 0ን አትድገሙ። ኢሜይላችሁን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ማረጋገጫው አይደርሳችሁም። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ።

«ክፈል» የሚለውን ከነካችሁ በኋላ ገጹ ቢንቀራፈፍ ድጋሚ አትንኩ። ሁለት ጊዜ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ኢሜይላችሁንና የባንክ መልእክታችሁን እዩ፣ ከዚያ ደውሉ።

ደረጃ 7፦ ቀብዱን በጥንቃቄ ክፈሉ

የአንድ ሌሊት ቀብድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ለበዓል ከዚያ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ፤ የግድ ካሉ የስረዛውን ደንብ በጽሑፍ ካገኛችሁ በኋላ ብቻ ይሁን።

1. የሂሳቡ ባለቤት ስም የሆቴሉ ወይም የድርጅቱ መሆን አለበት። አንዳንድ ሆቴል በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ከታፔላው ይለያል። እንዲህ ከሆነ ስሙ ያለበት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።
2. በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ቆም ብላችሁ አንብቡት። የግለሰብ ስም ከሆነ ተመለሱና በ058 ደውላችሁ ጠይቁ።
3. የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ የራሳችሁን ስምና የምትገቡበትን ቀን ጻፉ።
4. የትራንዛክሽን ቁጥሩን የያዘውን ስክሪንሾት ላኩ፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ ጠብቁ።
5. ደረሰኝ ጠይቁ። አሁን ካልተቻለ ስትገቡ ቀብዱ ያለበት ደረሰኝ እንደሚሰጣችሁ አስጽፉ።

ከውጭ በካርድ የምትከፍሉ፣ የካርዱን ፎቶም ሆነ ከጀርባው ያሉትን 3 ቁጥሮች በዋትስአፕ አትላኩ፤ ለማንም። የክፍያ ሊንክ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ሊንኩ ሲመጣም አድራሻውን አንብቡ። ሊንክ መላክ ካልቻሉ፣ አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ካላችሁ በብር ይክፈልላችሁ። ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ተይዞ «ፔንዲንግ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ዋስትና ነው፣ ገና አልተቆረጠም።

*ለተሳሳተ ሰው ከላካችሁ* በዚያው ደቂቃ ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ደውሉ። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ሳይወጣ ከተደረሰ የመታገድ ዕድል አለ። ከዚያ ማስረጃውን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። በውጭ ካርድ ከሆነ ለባንኩ የክፍያ ተቃውሞ አቅርቡ። አጭበርባሪው «እመልሳለሁ፣ ትንሽ ጨምሩና» ቢል ተጨማሪ ሳንቲም አትላኩ።

ደረጃ 8፦ ማረጋገጫውን መስመር በመስመር አንብቡ

መልሱ ሲመጣ እነዚህ መኖራቸውን እዩ፦ ሙሉ ስም፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የሌሊት ብዛት፣ የክፍሉ ዓይነትና ብዛት፣ ሁሉም የተጨመረበት ዋጋ፣ የተከፈለው ቀብድና የቀረው፣ የስረዛው ደንብ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የያዘላችሁ ሠራተኛ ስም። አንዱ ከጎደለ «ይህን ጨምሩልን» ብላችሁ መልሱ። ማፈር የለም። ሆቴሉም ከጭቅጭቅ ይድናል።

አንድ መስመር ላይ አተኩሩ። ብዙ ሆቴል እንግዳው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካልደረሰ ክፍሉን ለሌላ ይሰጣል። በበዓል ሰሞን ደጅ ላይ ቆሞ አልጋ የሚለምን ሰው አለና ይህን በጣም ይተገብሩታል። የምትደርሱበትን ሰዓትና የበረራ ቁጥራችሁን ስጧቸው፤ «ብንዘገይም ክፍሉን ያዙልን» የሚለው በጽሑፍ ይግባ።

ማረጋገጫውን አትሙት። የሞባይል ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ቴሌግራም ውስጥ ያለ መልእክት አይከፈትላችሁም። ወረቀት ማተም ካልቻላችሁ ስክሪንሾቱ ስልኩ ፎቶ ማኅደር ውስጥ ይሁን። አብሯችሁ ለሚሄድ ሌላ ሰውም ላኩለት።

ደረጃ 9፦ ከጉዞው በፊት ሁለት ጊዜ ደውሉ

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዴ፣ ከ3 ቀን በፊት አንዴ። በመደበኛው ስልክ ደውሉ። «ስሜ መዝገባችሁ ላይ አለ ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «የሚታያችሁን አንብቡልኝ» በሉ። እነሱ ሲያነቡ ነው ስህተቱ የሚሰማው። የቀድሞዋ ሠራተኛ ለቃ ሊሆን ይችላል፤ የያዘችላችሁ በግል ደብተሯ ከነበረ ዛሬ ታውቃላችሁ፣ ገና ጊዜ አለ።

ነገሩ ሲበላሽ

መልስ ካልሰጡ። ሁለት ቀን ጠብቁ፣ አንዴ አስታውሱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሆቴል እለፉ። አሁን መልስ የማይሰጥ ሆቴል ችግር ሲመጣም አይመልስም።

በቀጥታ መያዙ የማይሻልበት ጊዜ። አለ። ሆቴሉ «ቀብድ በፍጹም አይመለስም» ካለና አገናኝ ድርጅቱ ላይ በነጻ መሰረዝ ከተቻለ፣ ትንሽ ጨምራችሁ በአገናኙ ያዙ። የጉዞው ነገር እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ የመሰረዝ መብት ከጥቂት መቶ ብር ቅናሽ ይበልጣል። በነጻ የሚሰረዝ መጠባበቂያ ከያዛችሁ ግን የመጨረሻውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ፤ በጊዜው ልቀቁት። ያ አልጋ ለሌላ ቤተሰብ ያስፈልጋል።

ቀኑ ተሳስቶ ከተገኘ። ስረዙልን አትበሉ፤ «ቀይሩልን» በሉ። ሲሰረዝ ቀብዱ ሊቀር ይችላል፣ ሲቀየር ግን ሊተላለፍ ይችላል። አዲሱ ቀን በጽሑፍ ሳይመጣ አሮጌውን አትልቀቁ።

በረራ ከተሰረዘ። ከአየር መንገዱ የመጣውን መልእክት በዚያው ሰዓት ለሆቴሉ ላኩ። ከመግቢያ ሰዓታችሁ በፊት የደረሰ መልእክትና በማግስቱ የደረሰ አንድ አይደሉም።

ደርሳችሁ «አልጋ የለም» ከተባላችሁ። ከሪሴፕሽኑ አትራቁ። ድምፃችሁን ሳታነሱ የታተመውን ማረጋገጫ አስቀምጡ፤ በሁለቱም ስም እንዲፈልጉ ጠይቁ። ካልተገኘ ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ። ጥያቄያችሁ ሦስት ነው፦ በዚያው ደረጃ ያለ ሌላ ሆቴል ራሳቸው ደውለው እንዲይዙላችሁ፣ በራሳቸው መኪና እንዲያደርሷችሁ፣ የዋጋ ልዩነት ካለ እንዲሸፍኑ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን እንኳ ተቀበሉ፤ በማግስቱ ክፍል ሲለቀቅ ቀድሞ ለእናንተ እንዲሰጥ አስጽፉ። ቀብዳችሁ እዚያው እንዲመለስ ጠይቁ፤ «በኋላ እንልካለን» ካሉ መጠኑን፣ ቀኑንና ፊርማ ያለበትን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። አረጋዊና ልጅ ካለ መጀመሪያ እነሱ እንዲቀመጡና ሻይ እንዲቀርብላቸው አድርጉ፤ ክርክሩን አንድ ሰው ይጨርሰው።